አከርካሪው ባይቃናም ሕመሙ ይቀንሳል፦ ጀርባው ለተጣመመ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ጀርባው የተጣመመ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ፈጣሪ የሰጠህ ነው፣ ቻለው» የሚል ነው። ሌላው «እገሌ የሚባል ሰው አለ፣ አንዴ ሳብ ሲያደርግህ ቀጥ ትላለህ» የሚል ነው። ሁለቱም ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል። ሁለተኛው አጥንት ሊሰብር ይችላል።

ዕድገቱን የጨረሰ ሰው አከርካሪ በእሽትም፣ በቀበቶም፣ በስፖርትም ቀጥ አይልም። ይህን አምኖ መነሣት ያስፈልጋል። ሕመሙ ግን ከጥመቱ ጋር እኩል አይሄድም። ራጁ የሚያስደነግጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውል ሰው አለ። በትንሽ ጥመት እንቅልፍ ያጣም አለ። እህቴ ከሁለተኛዎቹ ወገን ናት። እዚህ የምጽፈው ከእሷ ጋር ሐኪም ቤት ስመላለስ፣ ስጠይቅና ሳነብ ያጠራቀምኩትን ነው። ጥመቱን ማዘዝ አንችልም፤ ሕመሙ ላይ ግን ልንሠራው የምንችለው ብዙ ነገር አለ።

መመሪያው ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ ለቆየባቸው አዋቂዎች ነው። ምርመራን አይተካም። ስለዚህ የምንጀምረው ከእሱ ነው።

1. መጀመሪያ አደገኛውን ለዩ

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት አልወጣ ካለ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ ወይም እግራችሁ እየዛለ መጎተት ከጀመረ ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ የሰዓታት መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ከወደቃችሁ በኋላ ድንገት የመጣ ኃይለኛ ሕመምም እንደዚሁ ነው።

በሀገራችን ለብቻው መነሣት ያለበት ነገር የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ የሳንባ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግን አከርካሪንም ይይዛል። የአጥንቱን የፊት ክፍል ይበላና አጥንቱ ወደ ፊት ይደረመሳል። ያኔ ጀርባ ላይ ሹል ብሎ የሚወጣ ጉብታ ይታያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ስለገለጸው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ሳል ላይኖር ይችላል። ዋነኞቹ ምልክቶች ሌሊትም የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክብደት መቀነስ ናቸው። እነዚህ ካሉ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ቲቢ በመድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ቶሎ ከተጀመረ ጉብታውም እግር መሸነፉም ሳይመጣ መቆም ይችላል።

ከዚህ ቀደም ካንሰር የነበረበት፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች የወሰደ፣ እንዲሁም ከ50 ዓመት በኋላ ቁመቷ እያጠረ ጀርባዋ መጉበጥ የጀመረ ሴት ሳይመረመሩ ስፖርት አይጀምሩ። አጥንቱ ሳስቶ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

2. ጥመታችሁን በቁጥር እወቁት

ወደ ጎን የሚሆነው ጥመት ስኮሊዮሲስ ይባላል። ወደ ፊት የሚጎብጠው ካይፎሲስ ነው። አንዳንድ ሰው ሁለቱም አሉት። የላይኛው ጀርባ በተፈጥሮው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ነው፤ ችግሩ ከዚያ ሲያልፍ ነው። ወደ ጎን የሆነው ደግሞ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል። ልኬቱ ኮብ አንግል ይባላል። ራጅ ሲያነቡላችሁ «የኮብ አንግሉ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ጻፉት።

ራጁ ቆማችሁ የተነሣ መሆን አለበት። ሙሉ አከርካሪውን ማሳየትም አለበት። ተኝቶ የተነሣ ራጅ ጥመቱን አሳንሶ ያሳያል። ኤምአርአይ ለሁሉም አያስፈልግም። እግር ላይ መደንዘዝ፣ ድካም ወይም የሚወርድ ሕመም ሲኖር፣ አለዚያም ሌላ በሽታ ሲጠረጠር ይታዘዛል። ገንዘብ ተበድሮ ኤምአርአይ የሚያነሣ ሰው ስለማውቅ ነው ይህን የምለው። መጀመሪያ «ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ቁጥሩ የሚጠቅመው ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ነው። ዕድገት ካበቃ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ጥመት በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። ከ50 ዲግሪ ያለፈ ግን በዓመት በአማካይ 1 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ሳንባ ላይ የሚያሳስብ ጫና የሚመጣው ጥመቱ በጣም ትልቅ ሲሆን ነው፤ ደረት ላይ ያለው ጥመት 80 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ።

በተረፈ ራሳችሁን አትውቀሱ። በጉርምስና ከሚታየው ስኮሊዮሲስ አብዛኛው መነሻው አይታወቅም። የደብተር ቦርሳ አላመጣውም። ጎብጦ ማጥናትም አላመጣውም። እናት በአንቀልባ ስላዘለች አልመጣም። እርግማንም አይደለም። «ጀርባዋ የተጣመመ ሴት አትወልድም» የሚባለውም ልክ አይደለም። አብዛኞቹ ያረግዛሉ፣ በሰላምም ይወልዳሉ። ወገብ ላይ የሚሰጥ ማደንዘዣ ሊያስቸግር ስለሚችል ግን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ነገር አድርጉ። ልጁ ጉልበቱን ሳያጥፍ ጎንበስ ይበልና ከኋላ እዩት። አንዱ ጎን ከፍ ብሎ ከታየ ሐኪም ይየው። በማደግ ላይ ባለ ልጅ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ያለ ጥመት በደጋፊ ጃኬት ሊገታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ጃኬት ካደረጉት 72 በመቶው ጥመታቸው ለቀዶ ሕክምና ከሚያበቃው 50 ዲግሪ ሳይደርስ ዕድገታቸውን እንደጨረሱ አሳይቷል። ካላደረጉት እዚያ ሳይደርሱ የቀሩት 48 በመቶ ነበሩ። ይህ ዕድል ዕድገት ሲያበቃ ይዘጋል።

3. ሕመማችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ

«ጀርባዬን ያመኛል» ብቻውን አይበቃም። የሕመሙ ዓይነት መድኃኒቱንም እንቅስቃሴውንም ይወስናል።

የጡንቻ ሕመም ሲመሽ ይብሳል። ይከብዳል፣ ያቃጥላል፣ ይጨመድዳል። ጥመቱ ወደ ውጭ የወጣበት ጎን ያለው ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ሲወጠር ስለሚውል ነው። ጋደም ሲሉ ይሻላል። የመገጣጠሚያ ሕመም ጠዋት ሲነሱ ይጠነክራል፤ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲሉም ይወጋል። የነርቭ ሕመም ደግሞ ወደ መቀመጫና እግር ይወርዳል። እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል። በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ትንሽ ሲራመዱ እግር ይከብድና ተቀምጠው ወይም ጎንበስ ብለው ሲያርፉ ቀለል ይላል። ይህ የነርቭ መተላለፊያው የመጥበብ ምልክት ነው። ለሐኪም በዚሁ መልክ ንገሩት።

አራተኛም አለ። ሕመም ለወራትና ለዓመታት ሲቆይ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ይነቃል። ግቢ ውስጥ ያለ ውሻ አንድ ሌሊት ሌባ ካየ በኋላ ለቅጠል ኮሽታም እንደሚጮኸው ማለት ነው። ጩኸቱ እውነት ነው። ሌባ ግን ላይኖር ይችላል። ሕመሙ በጭንቅላታችሁ የፈጠራችሁት ነው ማለቴ አይደለም። ያመማችሁ ሁሉ አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። እንቅስቃሴ የሚፈራው ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ያመዋል፣ ይተኛል፣ ጡንቻው ይልላል፣ ከዚያ ቀላሉም ነገር ያመዋል።

4. ለሁለት ሳምንት መዝግቡ፣ ከዚያ መጥኑ

ደብተር ያዙ። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጡት። አጠገቡ ምን ስትሠሩ እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ሌሊቱን እንዴት እንደተኛችሁ ጻፉ። ስልክ ላይም ይሆናል። ሁለት ሳምንት በቂ ነው።

ደብተሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ያሳያል። ደህና በሆነ ቀን ሁሉን ሥራ እንጨርሳለን፤ በቀጣዮቹ ቀናት አልጋ ላይ እንውላለን። ሲሻለን ደግሞ እንደገና። ከዚህ ዑደት መውጫው ሥራን በሕመም ሳይሆን በሰዓት መለካት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆማችሁ ስትሠሩ ሕመሙ የሚነሣው በ20ኛው ደቂቃ ነው እንበል። እናንተ በ15ኛው ላይ አቁሙ፤ ገና ሳያም። ለ5 ደቂቃ ተቀመጡ ወይም ጋደም በሉ። ከዚያ ቀጥሉ። ሰዓቱን በስልክ አስደውሉት፤ ሥራ ላይ ሆኖ የሚያስታውስ ሰው የለም። ሳምንት ሙሉ ያለ ችግር ካለፈ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ደህና ቀን ላይም ከተመደበው አትለፉ። ከባዱ ይሄ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወይም በዓል ሲደርስ ሰው ራሱን ይረሳል። ለበዓል ሥራውን ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ መከፋፈል ነው የሚሻለው። ሽንኩርቱ አንድ ቀን፣ ቁሌቱ ሌላ ቀን።

5. በየቀኑ ተንቀሳቀሱ

ከሁሉ በላይ ውጤት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ስፖርት ጥመቱን አይቀይርም። የተጣመመውን አከርካሪ የሚሸከመውን ጡንቻ ግን ያጠነክራል፤ የነቃውንም ነርቭ ያረጋጋል። ለውጡ በሳምንት አይመጣም። ከስድስት እስከ 12 ሳምንት ስጡት።

መመዘኛው ቀላል ነው። ስትሠሩ ሕመሙ ከ10 4 ካላለፈና በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ነው። በማግስቱም ከባሰ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ እንጂ አታቋርጡ።

የእግር ጉዞ መሠረቱ ነው። 5 ደቂቃ ብቻ ከቻላችሁ በ5 ጀምሩ። በቀን ሁለት ጊዜ አድርጉት። በየሳምንቱ በጥቂቱ ጨምሩ። ሜዳ መንገድ ምረጡ፤ ቁልቁለት ወገብን ይበልጥ ያስጨንቃል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ።

በእጅና በጉልበታችሁ ተንበርክኩ። ጀርባችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ጉብጥ፣ ከዚያ ወደ ታች ዝቅ አድርጉ። ከ8 እስከ 10 ጊዜ። ይህ ለማፍታታት ነው።

እዚያው እንዳላችሁ ቀኝ እጅና ግራ እግርን ዘርጉ። ወገባችሁ እንዳይዞር ሆዳችሁን ጠበቅ አድርጉ። 5 ሰከንድ ያዙና ቀይሩ። በየጎኑ 5 ጊዜ። ጥመት ያለበት ሰው አንዱ ጎን ከሌላው ይከብደዋል፤ የሚጠበቅ ነው፣ አያስፈራችሁ።

በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። መቀመጫችሁን ወደ ላይ አንሱ። 5 ሰከንድ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 8 ጊዜ።

በጎን ተኝታችሁ በክንዳችሁና በታጠፈ ጉልበታችሁ ተደግፋችሁ ወገባችሁን ከመሬት አንሱ። 10 ሰከንድ ያዙ። በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ጊዜ።

ላይኛው ጀርባው የጎበጠ ሰው ሌላ ይጨምር። ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። አገጫችሁን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጉ። ክንዶቻችሁን ግድግዳው ላይ እያንሸራተታችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ መልሱ። 8 ጊዜ። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ግን ወደ ፊት ማጠፍ የሚበዛበትን ስፖርት ይተዉ። በጀርባ ተኝቶ ከወገብ በላይ እየተነሱ የሚሠራውን የሆድ ስፖርት (ሲት አፕ)፣ የእግር ጣት መንካትን፣ እንዲሁም ወገብን በኃይል ማዞርን። የአከርካሪ አጥንት እንዲሰነጠቅ ሊያደርጉ ይችላሉ።

በመጨረሻም ትንፋሽ። በጀርባ ተኝታችሁ ሁለት እጃችሁን የጎን አጥንት ላይ አድርጉ። በአፍንጫ በዝግታ ስባችሁ ጥመቱ ወደ ውስጥ የገባበትን፣ የታመቀውን ጎን ለመንፋት ሞክሩ። በዝግታ አስወጡ። 3 ደቂቃ ይበቃል። ጀርመናዊቷ ካታሪና ሽሮት፣ ራሷም ስኮሊዮሲስ የነበረባት፣ ከ100 ዓመት በፊት ትንፋሽንና አቋምን አጣምራ የነደፈችው ዘዴ ዛሬም በብዙ ሀገር ይሠራበታል። የሽሮት ስፖርት ለእያንዳንዱ ሰው ጥመት ይለያል። ስለዚህ ከቪዲዮ ከመቅዳት በዚህ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ይሻላል።

ፊዚዮቴራፒ ለማግኘት ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። በየሳምንቱ መመላለስ ካልቻላችሁ ይህንኑ በግልጽ ንገሯቸው። «ቤት የምሠራውን አሳዩኝና በወር አንድ ጊዜ እዩኝ» ማለት ይቻላል። እየሠራችሁ ሳለ ቤተሰብ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጻችሁ። ቤት ሲገባ ይረሳል።

6. ቤቱንና ሥራውን ለጀርባችሁ አስተካክሉ

በቀን ለ20 ደቂቃ ስፖርት ሠርቶ ለ10 ሰዓት ጀርባን መጉዳት ዋጋ የለውም። የእኛ ቤት ሥራ ደግሞ አብዛኛው መሬት ለመሬት ነው።

በርጩማው ላይ ስንቀመጥ ጉልበታችን ከዳሌያችን በላይ ይሆናል። ወገብ ይጎብጣል። ቡና ለማፍላት ከፍ ያለ መቀመጫ ተጠቀሙ፤ ረከቦቱንና ምድጃውንም ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጉ። ሥርዓቱ አይጎድልበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወለል ላይ አይቀመጥ። ክርናችሁ ሥር የሚደርስ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። አንድ እግራችሁን ዝቅተኛ ዱካ ላይ አሳርፉ፤ በየተወሰነ ደቂቃ ቀያይሩ። ቆሞ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ወገቡ ያመሰግነዋል። ጸጉር ሠሪም ቢሆን፣ አስተማሪም ቢሆን። ሊጥ ማቡካትና ጋገራን በአንድ ቀን አታድርጉ፤ የጋገራውንም ብዛት ከፋፍሉት።

ልብስ ስታጥቡ ሳፋው አግዳሚ ላይ ይሁን፣ እናንተ ወንበር ላይ። ልብስ ስትጨምቁ ወገብ አይዙር፤ ከባዱን ሌላ ሰው ይጭመቅ። ሃያ ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። በጀርባ መሸከሙ ይቅር። በሁለት እጅ አምስት አምስት ሊትር አድርጎ መመላለስ፣ ጋሪ ካለ በጋሪ። ዕቃ ከመሬት ስታነሱ ቅረቡት፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ሰውነታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ተነሱ።

ሚኒባስ ስትሳፈሩ ከተቻለ ጋቢና ጠብቁ። ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ መግባትና የመጨረሻው ወንበር ላይ መንገጫገጭ የሚያስከትለውን ሕመም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሻርፕ ወይም ጋቢ ጠቅልላችሁ የወገባችሁን ጎድጓዳ ደግፉበት። ቢሮ የምትውሉ በየ30 ደቂቃው ተነሱ። ትክክለኛ አቀማመጥ የሚባል አንድ ቅርጽ የለም፤ የሚጎዳው ሳይቀያየሩ መቆየት ነው። ጥመት ያለበትን ሰው «ቀጥ በል» እያሉ ማሳጣትም ምንም አይጠቅመውም።

ቤተ ክርስቲያን ረጅም ሰዓት የምትቆሙ፣ መቋሚያ የተሠራው ለዚሁ ነው። ተደገፉበት፣ ክብደታችሁን ከእግር እግር ቀያይሩ፣ ሲያስፈልግ ተቀመጡ። በጾም ወቅት ስግደት ሕመሙን የሚያብስ ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ለታመመ ሰው እንደ አቅሙ ነው። ሙስሊሞችም ሕመም ሲኖር ሰላትን ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይፈቀዳል። በዚህ ጥፋተኝነት የሚሰማችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሕመምን ደብቆ መቆም ግን ማንም የጠየቀው ነገር አይደለም።

7. መኝታ

«መሬት ላይ ተኛ» የሚባለው ለሁሉ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2003 በ313 የወገብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ በጣም ከጠነከረው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። በጎን ስትተኙ በጉልበቶቻችሁ መሃል ትራስ አድርጉ። በወገብና በፍራሹ መሃል ክፍተት ካለ ፎጣ ጠቅልላችሁ ሙሉት። በጀርባ ከሆነ ትራሱ ከጉልበት ሥር ይሁን። ጀርባው የጎበጠ ሰው ሁለት ትራስ ቢያስፈልገው ምንም አይደለም።

8. መድኃኒትን በልክ

ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉበት ችግር ላለበት፣ አልኮል ለሚያዘወትርና ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው መጠኑ ያንሳል። ለቆየ የጀርባ ሕመም ብዙም ላይረዳ ይችላል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው ደርቦ መውሰድን ተጠንቀቁ።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ። ሁለቱን በአንድ ላይ አትውሰዱ። ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራሉ። እርጉዝ ሴት ያለ ሐኪም አትውሰዳቸው። በባዶ ሆድ መውሰድ ደግሞ በጾም ሰሞን የተለመደ ችግር ነው። ሐኪማችሁ ሰዓቱን ከምግብ በኋላ እንዲያደርገው ወይም የጨጓራ መከላከያ እንዲጨምርበት ጠይቁ። «መርፌው ይሻላል» ብሎ ዳይክሎፌናክ መወጋትም ጨጓራንና ኩላሊትን ከጉዳት አያድንም።

ለነርቭ ሕመም ሐኪም አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊግራም ጀምሮ፣ ማታ ማታ ሊያዝ ይችላል። የድብርት መድኃኒት መሆኑን ሲሰሙ «እኔ አብጃለሁ እንዴ?» ብለው የሚጥሉት አሉ። በዚህ መጠን የሚሰጠው የነርቩን ንዝረት ለመቀነስና እንቅልፍ ለመርዳት ነው። ጋባፔንቲንም ይታዘዛል፤ ሁሉን ግን አይረዳም። ለጥቂት ሳምንታት ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ ከሐኪሙ ጋር ቀስ በቀስ ይቆማል። በአንዴ አይቋረጥም።

ትራማዶል ሱስ ያስይዛል። ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለምትኖሩና ለምትጓዙ አጥብቄ የምነግራችሁ አለ። እንደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባሉ ሀገራት ትራማዶል ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ሐኪም ወረቀት ይዞ መግባት ለእስር ይዳርጋል። ሰው «ለዘመዴ አድርሽልኝ» ብሎ የሚሰጣችሁን መድኃኒት አትያዙ።

ስሙ ሳይነገር በፌስታል የሚሸጥ «ለወገብ ተአምር የሆነ» እንክብልም ተዉት። ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም፤ ስቴሮይድ ከተቀላቀለበት ለጊዜው ያበረታል፣ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል።

9. ሕመሙ ድንገት ሲያገረሽ

ማገርሸቱ አይቀርም። ዕቅዱን ደህና ሆናችሁ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የመጀመሪያው ቀን አርፉ፤ ግን በየሰዓቱ ተነሥታችሁ ቤት ውስጥ ተራመዱ። በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ከረጢት ወይም ፕላስቲክ ጠርሙስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። አዲስ አበባ ያላችሁ ፍልውሃ ከምርጫዎቻችሁ አንዱ ነው፤ ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያፍታታል። የልብ ችግር ያለባቸውና እርጉዞች ግን ሐኪም ይጠይቁ። ሐኪም የፈቀደላችሁን ማስታገሻ በሰዓቱ ውሰዱ። ከሁለት ቀን በላይ አትተኙ። በሦስተኛው ቀን የተለመደውን ስፖርት በግማሽ ጀምሩ። ሕመሙ እንደ ሌላው ጊዜ ካልሆነ፣ ወይም ከላይ ከጠቀስኳቸው አደገኛ ምልክቶች አንዱ ካለ፣ ዕቅዱን ትታችሁ ወደ ሐኪም።

10. ወጌሻ፣ ማሳጅና ቀበቶ

ረጋ ያለ ማሳጅ ጡንቻን ለአንድ ሁለት ቀን ያዝናናል። ችግር የለውም። ወጌሻ ጀርባ ላይ ቆሞ፣ አንገት ጠምዝዞ፣ ወይም ጠፍሮ ስቦ «ላቃናው» ሲል ግን እምቢ በሉ። ቲቢ ወይም የሳሳ አጥንት ካለ ሕብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። አባቶቻችን ለተሰበረ እጅ የሚተማመኑባቸው ወጌሾች ነበሩ፤ አከርካሪ ግን ሌላ ነው። ጸበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

ከፋርማሲ የሚገዛው የወገብ ቀበቶ ለጋገራ ወይም ለረጅም ጉዞ ለአንድ ሁለት ሰዓት ያግዛል። ቀኑን ሙሉ ማድረጉ ግን ጡንቻውን ያሰንፋል።

11. ቤተሰብ ምን ይድረግ?

ሕመሙ አይታይም። ጥመቱ ግን ይታያል፤ ሰውም ያፈጥበታል። «ጎባጣ» እየተባሉ ያደጉ ሰዎች ከሕመሙ በላይ ከቤት አለመውጣት ይጎዳቸዋል። በጋራ ቤት የምትኖሩ፣ ሥራውን ሁሉ ቀምታችሁ አታስቀምጧቸው። ከባዱን ውሰዱ፣ የሚችሉትን ተዉላቸው። «እንዴት ነው ዛሬ ያምሻል?» ብሎ በየሰዓቱ መጠየቅም ልብን ሕመሙ ላይ ይተክለዋል። አብሮ መራመድ ይሻላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምንም አለመጓጓትና ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪም ይነገር። ድብርት ሕመምን ያጎላል፣ ሲታከም ደግሞ ሕመሙም ይቀንሳል። መሞት የሚመኝ ሰው ካለ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይወሰድ።

12. ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መቼ ነው?

ለአዋቂ ሰው ለሕመም ብቻ ተብሎ ቶሎ አይገባበትም። ነርቭ እየተጎዳ ከሆነ፣ ጥመቱ በየዓመቱ እየጨመረ ከሆነ፣ ትንፋሽ እያጠረ ከሆነ፣ ወይም ከላይ ያለው ሁሉ በደንብ ተሞክሮ ኑሮ አልገፋ ካለ ይታሰባል። ሐኪሙን ስንት የአከርካሪ አጥንት እርስ በርስ እንደሚያያዝ፣ ሕመሙ በምን ያህል ይቀንሳል ብሎ እንደሚጠብቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራውና ምን ችግር ሊመጣ እንደሚችል ጠይቁ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አስቀድሞ ማቆም አለበት፤ አለዚያ አጥንቱ ላይያያዝ ይችላል።

በጣም ለከፋ ጥመት መንገድ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ ከባድ የአከርካሪ ጥመት ያለባቸውን በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች ጋና፣ አክራ ወደሚገኘው የፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ፎኮስ ሆስፒታል ልከው አሳክመዋል። «ይህ አይታከምም» የተባሉ ብዙዎች ቆመው ተመልሰዋል።

ቀዶ ሕክምና ለማያስፈልጋችሁ ደግሞ ክትትሉ ይቀጥላል። ከ50 ዲግሪ በላይ ከሆነ ራጁን በየስንት ጊዜ እንደምትደግሙ ከሐኪማችሁ ጋር ቀን ቁረጡ። የድሮ ፊልሞቻችሁን አትጣሉ፤ ቀን ጽፋችሁበት አልጋ ሥር ሳይሆን ጠፍጣፋና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አንድ ሐኪም በአንድ ላይ ይለካው። በልኬት ብቻ እስከ 5 ዲግሪ ልዩነት ሊመጣ ስለሚችል፣ 42 የነበረው 45 ቢባል ጥመቱ ጨምሯል ብላችሁ አትደንግጡ።